ፎቶግራፍና ውሃ፦ ከራምቦ ደብዳቤ እስከ ምዕራብ ጎጃም አልበሞች

ሚያዝያ 29 ቀን 1875 ዓ.ም. ሐረር ተቀምጦ ይነግድ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ ደብዳቤ ጻፈ። ጸሐፊው አርተር ራምቦ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ አገር ለአገር ሲዞር ቆይቶ፣ በዚያ ጊዜ የባርዴ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ከሊዮን ያስመጣው ካሜራ ከብዙ መጉላላት በኋላ እጁ ገብቷል። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ራሱ ራሱን ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ላከ፤ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ ሌላው በሙዝ ተክል ውስጥ የቆመባቸው ናቸው። ፎቶግራፎቹ ግን ነጥተው ነበር። ራምቦም ይህን ሳይደብቅ ጻፈ፤ ጥፋቱ ለማጠቢያ የተጠቀመበት መጥፎ ውሃ መሆኑንና ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ነገራቸው።

ይህች አጭር ማስታወሻ ለአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ከፍ ያለ ዋጋ አላት። ስለ ጥንት ፎቶግራፎች ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው ማን እንዳነሳቸውና ማን እንደተነሳባቸው ነው። የትኛው ፎቶግራፍ ለእኛ ደረሰ፣ የትኛውስ ደብዝዞ ጠፋ የሚለውን ጥያቄ ግን በአብዛኛው የመለሰው በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው የውሃ ሳፋ ነው። ከሐረር ተነስቶ በቀይ ባሕር ጠረፍ ባለችው በዙላ፣ በአዲስ አበባና በጎጃም በኩል ማስረጃውን የተከተለ ሰው የሚደርስበት ፍርድ አንድ ነው፦ ፎቶግራፍን ለዘመናት የሚያቆየው ውሃው በሥርዓት መለዋወጡ እንጂ ብዛቱ አይደለም። ውሃ በሸክም በሚመጣበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በወረቀቱ ውስጥ የሚቀረው ሃይፖ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የብር ሥራ ነው። ወረቀቱ ብርሃን በሚሰማው የብር ጨው ይቀባል። ብርሃን የነካው ክፍል ዴቨሎፐር በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ጠቁሮ ምስል ይሆናል። ብርሃን ያልነካው የብር ጨው ግን እንዳለ ስለሚቀር፣ ካልተወገደ ቀስ በቀስ ጠቁሮ ምስሉን ይውጠዋል። ይህን የሚያስወግደው ፊክሰር ነው፤ ዋናው ንጥረ ነገሩም ባለሙያዎች ሃይፖ የሚሉት ጨው ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄርሸል ሃይፖ የብር ጨውን እንደሚያሟሟ እ.ኤ.አ. በ1819 ዐወቀ፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ፎቶግራፍ ገና ሲወለድ፣ ለምስል ማጽኛ እንዲሆን አቀረበው።

ሃይፖ ምስሉን ካዳነ በኋላ ራሱ ጠላት ይሆናል። በወረቀቱ ውስጥ የቀረው ሃይፖ እየፈረሰ ድኝ ይለቃል። ድኙ ከምስሉ ብር ጋር ሲዋሃድ ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ስስ የሆነው የምስሉ ክፍል ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። በለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ይህን እንዲመረምር አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርትም ለምርመራው 50 ፓውንድ ሰጥተዋል። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1855 ባወጣው ዘገባ ለፎቶግራፍ መደብዘዝ ዋናው ምክንያት በደንብ ሳይታጠብ በወረቀቱ ውስጥ የቀረ ሃይፖ መሆኑን አስታወቀ፤ እርጥበትንና በአየር ውስጥ ያለ ድኝንም ጨመረበት።

ራምቦ ሐረር ላይ ሳፋውን ሲዘረጋ ይህ ዘገባ ከወጣ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። የእርሱን ክስ በኬሚስትሪው ሚዛን ስናየው፣ ደለል ወይም ማዕድን ያለበት ውሃ ወረቀቱን ሊያቆሽሸው ይችላል፤ ምስልን የሚያነጣና የሚያደበዝዘው ግን በአብዛኛው ተዳክሞ የተሠራበት ፊክሰር ወይም ታጥቦ ያላለቀ ሃይፖ ነው። ውሃ ከምንጭ እየተቀዳ በሸክም በሚገባበት ከተማ ሁሉን በአንድ ሳፋ ዘፍዝፎ መተው ቀላሉ መንገድ ነበር። ጉዳቱም የመጣው ከዚህ አሠራር እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ዙላ፣ 1860 ዓ.ም.

ከራምቦ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ምድር ከዚያ በፊት ያልታየ ሰፊ የፎቶግራፍ ሥራ ተሠርቷል። የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲዘምት፣ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የመሐንዲሶች ጦር 10ኛው ኩባንያ ጋር በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ የፎቶግራፍ ቡድን አብሮ ዘምቶ ነበር። ቡድኑ የመልክዓ ምድርና የሰው ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ለመኮንኖች የሚታደሉ ካርታዎችንና ንድፎችን ያባዛል። በዘመቻው ወደ 15,000 የሚጠጋ ቅጂ እንዳወጣ ተመዝግቧል።

ይህን ቁጥር ከውሃ ጋር አያይዞ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሚሠራበት መስተዋት በፈሳሽ ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ነበረበት፤ ስለዚህ ድንኳኑ ባለበት ሁሉ ውሃ ይፈለጋል። ቅጂው ደግሞ በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ በፀሐይ ይወጣና እንደገና ደጋግሞ ይታጠባል። ጦሩ የወረደበት የዙላ ጠረፍ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ የሌለበት ነበር። መርከቦች የባሕር ውሃ እያፈሉ በማጣራት ለሰውና ለከብት ያድሉ ነበር። ወደ ደጋው ሲወጡ ጦሩ መሬት ውስጥ እየተመታ የሚገባ ጠባብ የብረት ቱቦ ይጠቀም ነበር፤ ይህ የኖርተን ጉድጓድ ከዘመቻው በኋላ በእንግሊዝ አገር «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» የሚል ስም ይዞ ቀረ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን አሳለፉ። የመቅደላን አምባ ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው በዚያ የውሃ ችግር ውስጥ በተሠራ ሥራ ነው።

ቧንቧና ካሜራ በቤተ መንግሥት

በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውሃንና ካሜራን በአንድ ሕይወት አገናኝቷል። ለአፄ ምኒልክ ድልድይ ሠርቷል፤ የባቡሩን ሥራ አስጀምሯል፤ በ1880ዎቹም ከእንጦጦ በኩል የሚመጣ ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት እንዲገባ አድርጓል። ካሜራም ከእጁ አይለይም ነበር። ያነሳቸው ፎቶግራፎች ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ። ዘመኑን ለማጥናት የሚነሳ ሰው ሊያልፋቸው የማይችል ሰነዶች ናቸው።

በ1890ዎቹ መጨረሻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን መጣና የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። በ1920 ዓ.ም. ሲሞት ሥራው ወደ ልጆቹ ተላለፈ። ሃይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ቶኒ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሱ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ከ1867 እስከ 1935 ያለውን ዘመን የሚሸፍን የፎቶግራፍ መጽሐፍ ውስጥ እንደምናየው፣ የጥንቱ ፎቶግራፍ በብዛት የተረፈልን ከቤተ መንግሥት፣ ከቆንስላና ከመንገደኞች እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ውሃ፣ ጊዜና አገልጋይ ነበራቸው፤ ውጭ አገር ልከው የማሳጠብ አቅምም ነበራቸው። የባላገሩን ፎቶግራፍ ማቆየት ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቅ ነበር።

የወንዝ አገር፣ የቧንቧ ችግር

ምዕራብ ጎጃም ውሃ አጥቶ አያውቅም። የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ በሰከላ ነው። ብር፣ ፈጣም፣ ላህና ተምጫ የተባሉ ወንዞች አገሩን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ክረምቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ወንዝ መኖሩ ግን ለፎቶግራፍ ባለሙያ በቂ አይደለም። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል። ንጹሕ ውሃ በእንስራ፣ ኋላም በጄሪካን ተጭኖ ነው ጨለማ ክፍል የሚገባው።

አካባቢው ለካሜራ እንግዳ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ሲኖር የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ እየዞረ ካርታ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፉም ራሱ ያነሳቸው ፎቶግራፎች አሉበት። ከዚያ ደግሞ አገሪቱን ከጣሊያን ወረራ ያወጣው የነጻነት ዘመቻ መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ። የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌዲዮን ጦርና አርበኞች ጣሊያንን ሲገፉ፣ የካቲት 25 ቀን የጠላት ጦር ቡሬን ለቆ ወጣ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጉዞው ከባድ ነበር፤ ከሱዳን ከተነሱት 15,000 ያህል ግመሎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዚያ ዘመቻ የጎጃም ፎቶግራፎች ዛሬ ለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም ይታያሉ። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በየአውራጃው ሲስፋፋ ፎቶግራፍ ከመኳንንት እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ደረሰ። የተማሪው የፈተና ካርድ፣ የሠራተኛው የግል ማኅደር፣ የሙሽሮች ማስታወሻ፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶግራፍ ይፈልጉ ጀመር። በየከተማው የተከፈተው ፎቶ ቤት የሕዝብ መዝገብ ቤትም ሆነ። በቀይ አምፖል ብርሃን የሚሠራው ባለሙያ የዴቨሎፐሩንና የፊክሰሩን ሳፋ በመጠን ያዘጋጃል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን የመጨረሻው ሳፋ ነው፤ ውሃ የሚጨርሰው እርሱ ነውና።

የአንድ ጄሪካን ሒሳብ

የውጭ መጻሕፍት ተራውን የፎቶ ወረቀት በሚወርድ ውሃ ለአንድ ሰዓት እጠቡ ይላሉ። በደቂቃ 4 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ በአንድ ሰዓት 240 ሊትር ያፈሳል፤ ይህ 12 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ውሃ ለሚያስቀዳ ፎቶ ቤት ይህ የማይታሰብ ነው። የሚወርድ ውሃ ግን የግድ አያስፈልግም። ሃይፖ ከወረቀቱ የሚወጣው በፍሰቱ ጉልበት ተገፍቶ አይደለም፤ ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት ራሱ እየሰረገ ነው። በወረቀቱና በውሃው ውስጥ ያለው መጠን እኩል ሲሆን ያ ውሃ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢዘፈዘፍ ለውጥ የለም። መፍትሔው ውሃውን ደፍቶ ሌላ መጨመር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፊክሰር የወጡት ወረቀቶች 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይዘው መጡ እንበል። ሳፋው ከነሱ ጋር 3 ሊትር ቢሞላና አንድ ጊዜ ቢታጠቡ ሃይፖው ወደ 60ኛ እጅ ይወርዳል። ያው 3 ሊትር በሦስት ተከፍሎ፣ በየጊዜው እየተደፋ 1 ሊትር 1 ሊትር ቢጨመር ግን የመጀመሪያው ወደ 20ኛ፣ ሁለተኛው ወደ 400ኛ፣ ሦስተኛው ወደ 8,000ኛ እጅ ያወርደዋል። ውሃው ያው ነው፤ ውጤቱ ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ይለያያል። የጎጃም ሴት የጠላ ጋን ስታጥብ በትንሽ በትንሽ ውሃ ደጋግማ የምታለቀልቀው በዚሁ እውቀት ነው። በእርግጥ የወረቀቱ ቃጫ ሃይፖን አጥብቆ ስለሚይዝ ለእያንዳንዱ ውሃ ቢያንስ 5 ደቂቃ መስጠትና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጡ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ኋላ ላይ የመጣው ሳይንስ ይህን አሠራር አጠናከረው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኮዳክ ተመራማሪዎች ኢተንና ክራብትሪ የባሕር ውሃ ሃይፖን ከንጹሕ ውሃ በፈጠነ ሁኔታ እንደሚያስወጣ አሳዩ፤ በመጨረሻ ጨዉን የሚያስለቅቅ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ብቻ ያስፈልጋል። በዙላ ጠረፍ የተጠሙት የሃሮልድ ሰዎች ይህን ቢያውቁ የማጠቢያ ውሃቸው ደጃፋቸው ላይ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ጥናት ተነስቶ ሶዲየም ሰልፋይት የሚባለው ጨው በማጠቢያው መካከል ገባ። በሊትር 20 ግራም ተሟሙቶ ወረቀቱ 10 ደቂቃ ሲቆይበት የኋላው እጥበት በብዙ ያጥራል። የፎቶ ዕቃ አምራቹ ኢልፎርድ ደግሞ ወረቀቱን በብርቱ ፊክሰር ውስጥ ከ1 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ማቆየትን መከረ፤ ሃይፖው ወደ ቃጫው ሳይገባ ስለሚወጣ 5 ደቂቃ እጥበት፣ 10 ደቂቃ እንደ ሰልፋይት ያለ የማጠቢያ መርጃ ጨው፣ እንደገና 5 ደቂቃ እጥበት ይበቃዋል።

በዚህ መንገድ 20 ያህል ትንንሽ ፎቶግራፎችን በሁለት ውሃ ማለቅለቅ፣ በአንድ ሊትር ሰልፋይት ማቆየት፣ ከዚያ በስድስት ውሃ ማጠብ ይቻላል። በየጊዜው 2 ሊትር ቢሆን ጠቅላላው 17 ሊትር ነው፤ አንድ ጄሪካን አይሞላም። የመጨረሻው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን ሥራውን ያበላሻል። አንደኛው፣ ግማሽ የታጠቡ ወረቀቶች ባሉበት ሳፋ ውስጥ ከፊክሰር የወጣ አዲስ ወረቀት መጣል ነው፤ ያን ጊዜ ቆጠራው ለሁሉም ከአንድ ይጀምራል። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ከሌሊት ያደረ የደጋ ውሃ ሥራውን ያዘገያል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ 20 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ውሃ ግን በአግባቡ ያጥባል። ያለቀ ፊክሰር ብር ስላለበት ወንዝ ወይም ጉድጓድ አጠገብ መደፋት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፕላስቲክ የተሸፈነ የፎቶ ወረቀት ተስፋፋ። ፊክሰር ወደ ውስጥ ስለማይገባው በ2 ደቂቃ ይታጠባል። ቀጥሎ የቀለም ማሽኖች፣ ኋላም ዲጂታል መጡና ጨለማ ክፍሎች ተዘጉ። ከዚያ ዘመን የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ራሱ ሲመሰክር

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ቤት ውስጥ የሚገኝ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ እንዴት እንደታጠበ በራሱ ላይ ተጽፏል። ጥርስ ያለው ነጭ ጠርዙ እንደነጣ ከኖረ፣ በምስሉ ላይ የሚታየው የነጠላ ንጣት ካልወየበና የጥቁሩ ጥልቀት ካልቀነሰ ባለሙያው ውሃውን ቆጥሮ ለውጧል። ነጩ ክፍል አስቀድሞ ወደ ቢጫ ከሄደ ሃይፖ ቀርቶበታል። በመካከሉ ሌላ ወረቀት የተጋደመበት የሚመስል ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ካለ፣ በሳፋው ውስጥ ሁለት ፎቶግራፎች ተጣብቀው ውሃ ሳይደርሳቸው ወጥተዋል። በምስሉ ጥቁር ክፍልና ጠርዝ ላይ የሚታይ ሰማያዊ የብር ነጸብራቅ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከእርጥበትና ከመጥፎ አየር የሚመጣ ነው። እነዚህ ምልክቶች እንደ ማኅተምና እንደ ፊርማ ሊነበቡ ይገባል፤ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ባለሙያዎች የሥራ ማስረጃ ናቸውና።

ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም ቤተሰቦችን አደራ እላለሁ። ያረጀ ፎቶግራፍ ቢጫ ሆነ ብላችሁ እንደገና ውሃ ውስጥ አትክተቱት፤ የረጠበው ጄላቲን ሊላጥ ይችላል። በማስቲሽ አትለጥፉት፤ በፕላስቲክም አታሽጉት። ፊቱንም ጀርባውንም አስነሱት፤ ጀርባው ላይ ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተም አትፋቁት። የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀስ አድርጋችሁ ጻፉ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ግቢ አለው፤ አዲስ አበባ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ተማሪዎቻቸውን ወደነዚህ አልበሞችና ጨለማ ክፍል ውስጥ ወደሠሩት አዛውንቶች ቢልኩ፣ ከቤተ መንግሥት ውጭ የኖረው ሕዝብ የፎቶግራፍ ታሪክ ገና ሊጻፍ ይችላል። ባለሙያዎቹ በጄሪካን ውሃ ያቆዩትን ነገር እኛ በቸልተኝነት ልናጠፋው አይገባም።